ጥቁሩ ሻሽ

ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ጥቁሩ ሻሽ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸተኛል፤ ወዲያው ድሬ ነኝ። ሙቀቱ፣ የባቡሩ ፉጨት፣ የጎረቤታችን ሳቅ አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ባቡር ጣቢያ የሚሠራው አባቴ ለባልደረባው ልጅ ሊድረኝ አስቦ፣ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ትምህርቴም በዚያው ሊያበቃ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ስወድ ለጉድ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን፣ ሰፈራችሁ ውስጥ የየአገሩ ሴት አለ፤ ያገባችው ካላገባችው በምን እንደምትለይ ጠይቃችሁ ኑ አለችን። ግሪኳ ልብስ ሰፊ የቀኝ እጇን ቀለበት አሳየችኝ። አረቧ ስለ ሙሽራ ሂና ስታወራልኝ ዋለች። ሱማሌዋ ጎረቤታችን ግን በወሬ አላመነችም። "ቁጭ በይ አቦ!" ብላ ሹሩባዬን ሰበሰበችና፣ እነሱ ዘንድ ያገባች ሴት የምታስረውን ጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። መስታወት ሳይ ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሰው መሰልኩ። ወዲያው ሎሚ ጎድሏት ቀፊራ ገበያ ላከችኝ፤ ሻሹን ሁለታችንም ረሳነው።

ቀፊራ በርበሬ የምትሸጠው ደግሞ ልዳርለት የታሰበው ልጅ አክስት ናት። ድሬ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የሻሹን ነገር ታውቃለች። ሰላም ብያት አለፍኩ፤ እሷ አፏን ይዛ ቀረች።

እሑድ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ማን ይምጣ! አመሻሽ ላይ፣ የሰው ሚስት አንጠይቅም የሚል መልእክት ደረሰን። ለካ ለሱማሌ ተድሬ ኖሯል! አባቴ ጦፈ። ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ሻሹን ያሰረችልኝ እሷ መሆኗን ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነገረችው። ሄጄ ላስረዳቸውም አለች። ይኼኔ አባቴንም ሳቅ አመለጠው።

"ተያቸው" አላት። "ጠጋ ብሎ ሳይጠይቅ ልጄን ለሚያማ ቤት ልጄን አልሰጥም። ትማር።"

ጮቤ ረገጥኩ ስልሽ! ዶሮውን እኛ በላነው፤ እሷም የራሷን ሳምቡሳ አምጥታ አብራን አመሸች።

ከዓመታት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ የወደድኩትን ሳገባ፣ ያንኑ ሻሽ ይዛ መጣች። "አሁን እውነት ሆነ፤ እንግዲህ ያንቺ ነው" ብላ አሰረችልኝ።

እሷ ካረፈች ቆይታለች። አንዳንዴ መስታወት ፊት ቆሜ ላስረው እሞክራለሁ፤ ይንሸራተትብኛል። እንደሷ አጥብቆ የሚያስርልኝ አላገኘሁም።