ጥቁር ከሆነ ጤና ነው

የካዛንቺሱን ቤት ለቅቄ ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልገባ ዕቃ ስሸክፍ፣ የአባቴን ፍራሽ ሳነሳ አንድ ቡናማ ፖስታ ወደቀ። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ፖስታውን ስከፍተው የራጅ ፊልም ነው፤ ከእጄ ላይ እንደ ስስ ቆርቆሮ ተንኮሻኮሸ። ግንባር፣ የዓይን ጉድጓዶች፣ ጥርሶች። የአባቴ ፊት።

እናቴ የሞተችው አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለቅሶው ላይ እንባ አልታየበትም፤ እንዲያውም ሰዉን የሚያጽናናው እሱ ነበር። ከአርባዋ በኋላ ግን ዓይኑ ይቀላ፣ አፍንጫው ይፈስስ ጀመር። ሸሚዙን ሲተኩስም፣ ዜና ሲያይም መሀረቡ ከእጁ አይለይም። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ "ሳይነሴ ተነሳብኝ" ይለኛል።

እናቴም "ድካም ነው" እያለች ነበር ያለፈችው። እሱንም ቃሉን ብቻ አምኜ እንዳላጣው ፈራሁ። ነዝንዤ ነዝንዤ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለገሃር አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ቅንድቡንና ከዓይኑ ሥር ጉንጩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ጠየቁት። ሲያጎነብስ ፊቱ ላይ ይከብደው እንደሆነ፣ ንፍጡ ወፍራምና ቢጫ እንደሆነ፣ ሽታ ይለይ እንደሆነ፣ የላይ ጥርሱን ያመው እንደሆነ። አይከብደውም፤ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ነው፤ ሽታ ይለያል፤ ጥርሱም ደህና ነው። እኔ ግን ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ጊዜ ራጅ አዘዙለት። የሌላ በሽተኛ ፊልም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስለነበር በእስክሪብቶ እየጠቆሙ አስረዱን፦

"ይህ ክፍት ቦታ ጥቁር ከሆነ አየር ነው፣ ጤና ነው። እንዲህ ከነጣ ግን ፈሳሽ ይዟል ማለት ነው።"

አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ እንደ መዝገብ ተጠግቶ አየው።

ፊልሙ ሰኞ ደረሰ። እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ ተቀብዬ ለሐኪሟ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ ባለው የፊልም ማያ መብራት ሰቅለው አዩት።

"ንጹሕ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ቤት ውስጥ ያጣችሁት ሰው አለ?"

"እናቴን።"

መብራቱን አጠፉት። መድኃኒት አልጽፍለትም፣ ብቻውን ግን አትተዪው አሉኝ።

እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ሄድኩ። ምን ልበለው? አላመመህም፣ እያለቀስክ ነው ልበለው? ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅን ሰው? ሰፈር ስደርስ ከአንድ አጥር ሥር የባህር ዛፍ ቅጠል ቀነጠብኩ።

"ሳይነስ ነው አሉ። በባህር ዛፍ ይታጠን ብለዋል" አልኩት፣ ዓይኑን ሳላይ።

ፊልሙን ከፖስታው አወጣ። መስኮቱ ጋ ሄዶ የምታዘቀዝቀው ፀሐይ ላይ ያዘው። ከዓይኖቹ ሥር ያሉት ሁለቱ ክፍት ቦታዎች እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ ከተተውና፣

"እንግዲህ መታጠን ነዋ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲገባ በድስት ውሃ አፈላለት ነበር። ጋቢውን ተከናንቦ ይጎነበሳል። የቅጠሉ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ጋቢው ሥር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሲወጣ ፊቱ ቀልቶና ርሶ፣ "ቀለል አለኝ" ይላል። ደግሞም ቀልሎት ነበር።

እኔ አላለቀስኩም ነበር። ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ መሰለኝ፣ እንጃ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ጋቢውን በአንድ በኩል ከፈት አደረገው።

"ነይ፣ አንቺንም ሳይነስ ሳይዝሽ አልቀረም" አለኝ።

ገባሁ። ውስጡ ጨለማና ሙቅ ነው። ፊቱ አይታየኝም፣ ትንፋሹን ግን እሰማለሁ። ስለ እናቴ አንድ ቃል አላነሳንም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያው ቆየን።