ዓይን ያለው ዋንጫ

የጥፍር ቀለም ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ትናንት አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ፣ ሳላስበው ተነስቼ መስኮቱን በረገድኩት።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ትሠራለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽንኩርት እየሸተተኝ ጓዳው ውስጥ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ቀን በዲቪ የመጣች የአገሯ ልጅ ለምሳ ገብታ እናቴን አወቀቻትና፣ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ሹክ አለቻት። የእናቴ ወገኖች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በእነሱ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ለብዙ ሰው ቡዳ ነው፤ ዓይኑ ይበላል ይባላል፣ አብረውት አይበሉም አይጠጡም።

በማግስቱ የምግብ ቤቱ ባለቤት አንድ ብርጭቆ ከሥሩ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋበት መጣች። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ይሄ ነው። ለማንም አልናገርብሽም፣ ኦኬ?»

«እሺ እትዬ» አለች እናቴ። ውሃ ቀድታ ጠጣችበት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ። ዛሬም ያቺን ሴት ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸት ነው።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ሙዚየም ወሰደችን። የመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ መብራት በርቶለት፣ የጥንት ግሪኮች የወይን ዋንጫ ተቀምጧል፤ አፉ ሰፊ፣ ባለ እግር፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች የተሳሉበት። ዓይኖቹ ምናልባት ክፉ ዓይንን ለመመለስ ይሆናል አለችን። ሸክላ ሠሪው ስሙን ጽፎበታል። የጠጡበትን ጌቶች ስም ግን የሚያውቅ የለም። ብቻዬን ሳቅኩ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ፎቶ ነፍሷ ነው። «እትዬ፣ የጥንት ጌቶች የጠጡበት ዋንጫ ላሳይዎት?» አልኳት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ራሷ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ።

«ወይኔ ሲያምር! ከእነ ዓይኑ ፒክቸር አንሺኝ!»

አነሳኋት። በትልቁ አሳትማ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ሰቀለችው፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ ታሳያለች። እኔ ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ፎቶው ላይ፣ ከዋንጫው ሥር፣ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግኩበት።

«አብደሻል እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«ይሄም የሸክላ ሠሪ ሥራ ነው፣ እትዬ! የእናቴን ብርጭቆ እንደለዩ ይሄንንም ይለዩት እንጂ!»

በላተኛው ሁሉ፣ ግማሹ ቅዳሴ ላይ የምናገኘው ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ። ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር አየኋቸው። ሁልጊዜ በልተው ሲወጡ በጓዳው በር ብቅ ብለው እናቴን «እጅሽ ይባረክ» የሚሏት እሳቸው ነበሩ። የጠቀለሉትን ጉርሻ ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት። እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ።

እናቴ የጓዳው በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

በፒኮ መስመር አውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ አልተቆጣችኝም። ልንወርድ ስንል ብቻ «ሁለት ሰው ብቻ ነበር እኮ የሚያውቀው፣ ልጄ» አለችኝ።

በማግስቱ ለቅዳሴ አልተነሳችም። ነጠላዋን ይዤላት አልጋዋ ድረስ ሄድኩ።

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «እኔ ዛሬ ደክሞኛል።»