ስትገፋ ብቻ የምትነሳ መኪና

አባቴ ያወረሰኝ መኪና ጣሊያን ሠራሽ ናት። ትንሽ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አመሏ ግን በየቦታው ነው። ካዛንቺስ ሳለሁ ጠዋት በቁልፍ ተነስታ አታውቅም። ስታርተሩ እህህ ብሎ ያቃስታል፣ በቃ። ደግነቱ ግቢያችን ቁልቁለት ላይ ስለነበር ከኋላዋ የሚገፋ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ተንገጫግጫ ትነሳለች።

የሚገፋልኝ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር። በረንዳቸው ላይ በስፌት መኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊ፣ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ያንን ማቃሰት ሲሰሙ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ትተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ይመጣሉ።

«ዛሬም አኮረፈች?»

«ምን ታድርግ ጋሼ፣ እርስዎን ሳታይ አይሆንላትም።»

«በይ እንግዲህ ያዢ መሪሽን!»

አንዴ ከተነሳች ደግሞ መቆም የለም። ነዳጅ መስጠቱን ትንሽ ከቀነስኩባት ትጠፋለች። ስለዚህ ምስጋናዬ በመስኮት የማወጣት እጅ ብቻ ነበረች። ጋሼ በመስታወቱ ውስጥ ወገባቸውን ይዘው እየራቁ፣ እያነሱ ይሄዳሉ። ያያት መካኒክ ሁሉ «ካንዴላው ነው» ይለኛል። አዲስ ካንዴላ አስገባለሁ፣ ሁለት ቀን ይሻላታል፣ ከዚያ ወደ አመሏ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ የመረመራት የለም፤ እኔም አላስመረመርኳት። የሚገፋ ሰው ያለው ምን አስጨነቀው?

ከዚያ ሰፈሩ ይነሳል ተባለ፣ ተነሳም። እኔ ወሎ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ ጋሼ ሰንጋ ተራ ያለው የልጃቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። የተለያየነው ዕቃ በሚጫንበት ግርግር መሀል ነው። «እንጠያየቃለን» ተባባልን፤ እሳቸው አንድ ሁለቴ ደወሉ፣ እኔ ነገ ዛሬ ስል ከረምኩ። በስታዲየም በኩል እኮ ይህ ነው የሚባል መንገድ አይደለም። እግሬ ግን አልሄደም።

አዲሱ ግቢዬ ሜዳ ነው። ጎረቤቶቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ስልካቸውን እያዩ ያልፋሉ እንጂ። መኪና ግፉልኝ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ሰላም መባባል ያስፈልጋል።

አንድ ቅዳሜ በንዴት ራሴ ልመረምራት ተነሳሁ። አባቴ ያሳየኝን አልረሳሁትም፦ ካንዴላውን ፍቺ፣ ከገመዱ ሳትነቅዪ የሞተሩ ብረት ላይ አስጠጊው፣ ቁልፍ ሲዞር እሳቱን እዪ። ጤነኛ እሳት ሰማያዊ ነው፣ ቷ! እያለ ይዘላል። የግቢውን ዘበኛ ለምኜ ቁልፍ አዞሩልኝ። የኔዋ እሳት ቢጫ፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌላት ሆና ተገኘች። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ናት። እሳት አከፋፋዩን፣ ዲስትሪቢውተሩን ስከፍት ከረንቱን የሚያገናኙትና የሚቆርጡት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ተቃጥለው ጠቁረዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳቸው፤ እሳቱ ደመቀ። በሳምንቱ ግን ያው ጠቁረው ጠበቁኝ። የምታቃጥላቸው ከጎናቸው የታሰረች፣ ትርፍ ከረንት መዋጥ ያቃታት፣ አውራ ጣት የማታክል ኮንደንሰር ነበረች። እሷን ስቀይር እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ቷ! አለ። ይኸው ነበር ጉዱ ሁሉ።

ስትገፋ ብቻ የምትነሳበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ። ስታርተሩ ባትሪውን ሲጠጣው ለዚያች ቀጭን እሳት የሚተርፍ አልነበረም። ጋሼ ሲገፉ ግን ስታርተሩ ያርፋል፣ ባትሪው ለእሳቷ ብቻ ይሆናል። የስታርተሩን ሥራ በጉልበታቸው ሲሠሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

የሞተሩን ክዳን ስዘጋ ቀለሙ ሁለት ቦታ ላይ ለቆ ብረቱ ገጥጧል። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የኔን እጅ ባስቀምጥበት አልሞላውም። እዚያው እንደቆምኩ አንድ ነገር መጣብኝ፦ ጋሼ በዚህች መኪና አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረው ያውቃሉ? አያውቁም። ገፍተው ያስነሷታል፣ እኔ እሄዳለሁ፣ እሳቸው ወደ መርፌያቸው ይመለሳሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት የኔ ነገር ነው።

በማግስቱ ደውዬ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ጋሼ ከሕንፃው ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። ከስተዋል፤ ሜትሩም አንገታቸው ላይ የለም። የስፌት መኪናው ድምፅ ከታች ያሉትን ረብሿል ስለተባለ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል አሉኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ ሳምኳቸው።

«ወዴት ልትወስጂኝ ነው?»

«እርስዎ ወዳሉኝ» ብዬ በሩን ከፍቼ ያዝኩላቸው።

«ደግ» አሉ። ኮታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ከዚያ በተከፈተው በር አጠገብ አልፈው ወደ ኋላ ሄዱና መዳፋቸውን ቀለሙ የለቀቀበት ላይ አሳረፉ።

«በይ ያዢ መሪሽን!»

ተዉት ማለት አቃተኝ። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ፤ ወዲያው ተነሳች። በመስታወቱ አየኋቸው። ክዳኑን ለቀዋል፤ ሁለት እጃቸው ግን አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

ቀስ ብለው መጥተው ገቡ። የበሩን እጀታ በዳበሳ ፈልገው አጡት፤ ተሻግሬ ዘጋሁላቸው። መቀመጫውን ዳሰሱ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ።

«ውስጧ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ማርሽ አስገብቼ በስታዲየም በኩል ይዣቸው ሄድኩ።