የአንዲት ወረቀት ክብደት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘሃራ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «እማ፣ የጋሼ ኑሩ ወረቀቶች መሃል አመድ አለ» ስትለኝ፣ ሕፃን ሳለች ጡት እንቢ ያለችኝ ቀን መጣብኝ። ልጄ ልትሞትብኝ እንደምትችል የገባኝ ያን ቀን ነው።

አመዱ የኔ ነው። ጋሼ ኑሩ መሐንዲስ ነበሩ። ውጭ አገር ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወንዝ ማዶ፣ ወደ አባታቸው የማንጎ እርሻ ገቡ። ይዘው የመጡት አራት ሳጥን ወረቀት ነው፤ የቆላ ምስጥ ደግሞ የተማረ ያልተማረ አይልም። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የልጅ እናት ነበርኩ። እሳቸው ዘንድ ሥራዬ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ጠጠር መጫን፣ ምስጥ እንዳይቀርበው አመድ ነስንሶ መመለስ ነው። ጎረቤቶቼ፣ ሰው ማሾ ያሰጣል፣ እሷ ወረቀት ታሰጣለች እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሕዋ ላይ የሚሄድ መንኮራኩር ሞተር ነው፤ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ እየወሰደ የሚገፋ፣ አሉኝ። ከዚያ አንዲት ወረቀት መዳፌ ላይ አኖሩ።

«የሚገፋው በዚህች ክብደት ነው።»

«ይሄ እንኳን መንኮራኩር ዝንብም አይገፋ፣ ጋሼ። አይቀልዱብኝ።»

«እዚያ ላይ የሚይዘው የለማ። ሳያቋርጥ ከገፋ፣ ዓመት ሲሞላው ጥይት አይደርስበትም።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በሙቀት ነጥቷል፤ አንድ ወፍ እንኳ የለበትም። በዚያ ሁሉ ባዶ ውስጥ፣ ወረቀት የምታህል ግፊት ሳትደክም ስትሄድ ታየችኝ። መዳፌን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

ዘሃራ በወባ ታማ ጡት እንቢ ያለችኝ ክረምት ገብቶ ነው። ባሌ ማጀቴ ከተማ ገበያ ሄዷል። ጤና ጣቢያው ከተማ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደጋው ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። በድልድዩ መዞር ነበረብኝ። ጋሼ ኑሩ በከዘራቸው እስከ አጥሩ ሸኙኝና፣ «አትሩጪ፤ ብቻ አታቋርጪ» አሉኝ።

እኔ ግን ሮጥኩ። የሽንኩርት ማሳውን ሳልጨርስ መሮጥ አቃተኝ። ትኩሳቷ ጀርባዬን ይፋጀዋል፤ ማልቀስም ትታለች። ያኔ ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝ። እሷን ያህል ገፋሁ፣ አንድ እርምጃ። ደግሞ ያንኑ ያህል። ጭቃውንም አሸዋውንም እንዲሁ አለፍኩ። ቁጭ አላልኩም።

ነርሷ መርፌውን ስትወጋት ዘሃራ ጮኸች። እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ እስከ ዛሬ የለም። አልሐምዱሊላህ ብዬ መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ።

ጋሼ ኑሩ ካረፉ ቆዩ። ልጆቻቸው ሳጥኖቹን ለቤተ መዛግብት ሰጥተው ነው ዘሃራ ልታያቸው የሄደችው። እንደዚያ ያለው ሞተር ዛሬ እውነትም ሰማይ ላይ እየሄደ ነው አለችኝ። ከዚያ፣ የቤተ መዛግብቱ ሠራተኞች አመዱን እንጥረገው ወይ እያሉ ነው አለችኝ።

«ጥረጉት» አልኳት። «ወረቀቱም አንቺም ደርሳችኋል።»