የእትዬ አስካለች እንግዶች

አማን ከተማ ውስጥ ወፍ በማየት ጎረቤቱን የረታ ማን ነው ቢባል፣ መልሱ አንድ ነው፤ እትዬ አስካለች። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ መስቀል አለፈ ማለት በርጩማቸውን ይዘው ጓሮ ካለው ዋንዛ ሥር ቁጭ ነው። የሚጠብቁት ከሩቅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን፣ ደረታቸው ቢጫ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡ ወፎች ነው። "እንግዶቼ" ይሏቸዋል። የገቡበትን ቀን በየዓመቱ የማድቤቱ በር ላይ በከሰል ይጽፋሉ።

አምና ጎረቤታቸው ባለሱቁ ታፈሰ ነገር ይዞ መጣ። ዋንዛው የበቀለው አጥሩ ላይ ነው፤ የሁለቱም ነው። "እነዚህ ወፎች በመጡ ቁጥር ቀይ ቡናዬ ያልቃል። ማረፊያቸው ይቆረጥ" አለ። ቡናው የሚቀላው ወፎቹ በሚገቡበት ሰሞን ነውና ሰፈሩም አመነው። እትዬ አስካለች አንጀታቸው አረረ። ዋንዛው ከሄደ እንግዶቹም ቀሩ ማለት ነው።

እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። የሰፈሩን ሽማግሌ ጋሽ ሰይፈዲንን ጠሩና፣ "አብረን እንይ። አንዲት ፍሬ ሲነኩ ካየን መጥረቢያውን የማቀብለው እኔ ነኝ" አሉ።

በማግስቱ ታፈሰ ሱቁን ሳይከፍት ቀረ፤ ሦስቱም ጓሮ ተቀመጡ። ወፎቹ ከዋንዛው ወደ ታፈሰ ቡና ወረዱ።

"ይኸው" አለ ታፈሰ።

አንዷ ቀዩን ፍሬ አልፋ ከቅጠል ሥር ትል መዘዘች። ሌላዋም እንዲሁ። ጋሽ ሰይፈዲን መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ፍሬ የነካች አንዲት እንኳ የለችም።

ረፋዱ ላይ፣ ታፈሰ ሌላ ቀን ሱቁ በሚሆንበት ሰዓት፣ አንድ ጦጣ ከራሱ ከታፈሰ ጣራ ዱብ አለ። ቡናው መሐል ገብቶ ቀይ ቀዩን እየለቀመ ጉንጩን ይሞላ ጀመር።

"ታፈሰ፣ የወፍህ ጅራት ረዘመሳ" አሉ ጋሽ ሰይፈዲን።

እትዬ አስካለች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ዋንዛውን ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳባቸውም።

ዘንድሮ መስቀል ባለፈ በአራተኛው ቀን ማለዳ በራቸው ተንኳኳ። ታፈሰ ነው፤ ከሰል ይዟል።

"እትዬ፣ እንግዶችዎ ገብተዋል። ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ" አለ።

እትዬ አስካለች ከሰሉን አልተቀበሉትም። ወደ ማድቤቱ በር እየመሩት፣ "እንግዲያው አንተው ጻፈው" አሉት።