በታች በኩል

ልጄ «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» እያለች ጮክ ብላ ስታጠና ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለውን የአባቴን ማሳ በገመድ ለክቼ አባዛሁት። መሬት ሲደለደል ከተሰጠን አንሶ ተገኘ።

«ቀለም የቆጠረ አይሳሳትም፤ ወንድሜ ድንበር ገፍቶብኛል!» አለ አባቴ። ምሳሩን አንስቶ ወጣ፤ እየሮጥሁ ተከተልሁት።

አጎቴ አዋሳኙን ማሳ እያረሰ ነበር። ምሳሩ አንገቱ ሥር ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደሙ ሲያርስ ባወጣው ትልም ውስጥ ወረደ። ወድቆም አባቴን ሳይሆን እኔን አየኝ።

«ልጄ፣ በታች በኩልም ለክተሻል?»

አልገባኝም። ወርዱን የለካሁት በላይ፣ በጠባቡ በኩል ብቻ ነበር። ማሳው ወደ ታች እንደሚሰፋ ያስተዋልሁት አጎቴ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ልጄ ደብተሯን አሳየችኝ። መልሷ ልክ ነው።

«በታች በኩልም ለክተሻል?» አልኋት።