ተተኪ ያልመጣበት ፈረቃ

በሰበታው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ፋናዬ ናት። ማንንም ሰው ሕጉ ከፈቀደው ትርፍ ሰዓት አሳልፋ ስለማታሠራ አለቆቿ «ደወሏ» ይሏታል። ከእነሱ ጋር መሟገት ለምዳለች። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱን በዘጋበት ቀን ግን ሙግቱ ካላሰበችው ወገን መጣባት።

የከሰዓቱን ፈረቃ የጫነው ሰርቪስ ዓለም ገና ላይ ጎማ ሲነድ አይቶ ተመለሰ። የጠዋቶቹ በማሽናቸው ላይ ቀጠሉ። የቀረ ሰው ቦታ ለመሸፈን ሕጉ በቀን ሁለት ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። ሁለቱ ሰዓት አለቀ፤ መንገዱ አልተከፈተም።

«አገሩ እየነደደ አንቺ ሰዓት ትጠብቂያለሽ?» አለ የምርት ኃላፊው ወንዳፍራሽ። «ማቅለሚያው ውስጥ ያለው ሱፍ እኮ ይበላሻል!»

«ይበላሽ። በዛለ እጅ ማሽን የሚይዝ ሰው አይኖርም።»

«ነገ ለባለቤቶቹ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ከሥራሽም ብትባረሪ የለሁበትም።»

«እመልሳለሁ።»

አዳራሹ ገብታ «በቃችሁ፣ ወደ ቤታችሁ!» አለች። ማንም አልተነቃነቀም። በዚያ ፋብሪካ ተተኪው መጥቶ ትከሻውን ሳይነካው ማሽኑን የተወ ሰው፣ ልቅሶ ቤት እንኳ «ጥሎ ሂያጁ» እየተባለ ይተረባል። የቦይለሩ ሠራተኛ ኦቦ ባይሳ ዓይናቸውን ከእንፋሎቱ መለኪያ አልነቀሉም።

«ኦቦ ባይሳ፣ ሕጉ ይበቃዎታል ይላል።»

«ሕጉ ይምጣና ትከሻዬን ይንካኛ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ!»

በአቅራቢያው ያሉት ሳቁ። ሽማግሌው ግን ድካሙ በርትቶባቸው የነዳጁን መዝጊያ በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።

ፋናዬ ስለ ቦይለር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ጠጋ ብላ መዳፏን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

ሳቁ ቆመ። ኦቦ ባይሳ መጀመሪያ መዳፏን፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ። ጓንታቸውን አውልቀው ሰጧትና «ቀስ እያልሽ ዝጊው። ከቸኮልሽበት ይቆጣል» አሏት። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ እየዘጋች፣ እሳቱ ከሰመ።

ቀና ስትል ሠራተኛው ሁሉ በየማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። ማሪቱ የምትባለው ሸማኔ ጀርባዋን አዙራ ትከሻዋን አመቻቸችላት። ፋናዬ ነካቻት፤ ማሪቱ ማሽኗን አጥፍታ ወጣች። ቀጣዩም፣ ከሱ ኋላ ያለውም እንዲሁ። ማንም ከተራው አልቀደመም፣ ማንም ሳይነካ አልሄደም። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ የመጨረሻው ማሽን ሲቆም፣ በቆርቆሮው ላይ የወፎች እግር ተሰማ። ፋናዬ አዳራሹን እንዲህ ሆኖ አታውቀውም። ቤተ መቅደስ የገባች ይመስል ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበች።

ሠራተኞቹ ጤፉ በታጨደበት ማሳ መሐል፣ ደካማውን እየደገፉ በእግራቸው ራቁ። እስኪሰወሩ በመስኮት አየቻቸው።

«አንቺስ አትሄጂም?» አለ ወንዳፍራሽ ከበሩ።

«የሁሉንም ተራ ተቀብዬ? ተተኪዬ አልመጣም።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ጸጥ ያሉትን ማሽኖች ዙሪያውን ቃኘና ወንበር ስቦ አጠገቧ አስቀመጠላት።